ቢጫ አንገት ያላቸው የሜዳ ወፎች፦ መልክ የሚያሳየውና ዘር የሚናገረው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ሜዳ የወረደ ሰው፣ በተለይም ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ገና ሳይደርቅ ከሆነ፣ ከአጥር እንጨት ወይም ከጉብታ ላይ ቆማ የምትዘምር አንዲት ወፍ ልታጋጥመው ትችላለች። ጀርባዋን ሰጥታ የቆመች እንደሆነ ላባዋ ቡናማና ጥቁር የተቀላቀለበት ዝንጉርጉር ስለሆነ ከሣሩ ለመለየት ታስቸግራለች። ፊቷን ስታዞር ግን ጉሮሮዋ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ብቅ ይላል፤ ቢጫውንም ከበታቹ ጥቁር ማተብ የመሰለ መስመር ይከበዋል። ይህች ወፍ በኢትዮጵያ ደጋማ የሣር ሜዳዎች እንጂ በሌላ አገር አትገኝም፤ በሳይንሳዊ ስሟም ማክሮኒክስ ፍላቪኮሊስ ትባላለች። የመጀመሪያው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ «ረጅም ጥፍር»፣ ሁለተኛው ደግሞ ከላቲን የመጣ ሆኖ «ቢጫ አንገት» ማለት ነው። የኋላ ጣቷ ጥፍር ከራሱ ከጣቱ ይረዝማልና ስያሜው አልተጋነነም። ይህን ስም የሚጋሩት ወፎች ሁሉ ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ከዚህ በኋላ በጥቅሉ «ረጅም ጥፍሮች» እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

አሁን ደግሞ አንድ ኢትዮጵያዊ ከዴንቨር ከተማ ወጥቶ በኮሎራዶ ሜዳ መኪና ሲነዳ እናስብ። በሽቦ አጥሩ ላይ ጀርባዋ ዝንጉርጉር ቡናማ፣ ጉሮሮዋና ሆዷ ደማቅ ቢጫ፣ ደረቷ ላይ ጥቁር ጥልፍ የመሰለ ምልክት ያለባት ወፍ ያያል። ስትበርም የጅራቷ ዳርና ዳር ነጭ ሆኖ ብልጭ ይላል፤ የረጅም ጥፍሮችም ጅራት እንዲሁ ነው። ሰውየው «የሱሉልታዋ ወፍ እዚህም አለች» ቢል አይፈረድበትም። ሜዶላርክ የምትባለው ይህች የአሜሪካ ወፍ በአካባቢው እጅግ የታወቀች ከመሆኗ የተነሣ የምዕራቡ ዝርያዋ የስድስት ግዛቶች መለያ ወፍ ሆናለች። ሁለቱ ወፎች ግን የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም። የሜዶላርክ ዘመዶች በአሜሪካ አህጉራት ብቻ የሚኖሩ፣ ብዙዎቹ ጥቁር ወይም ጥቁርና ብርቱካናማ የሆኑ ወፎች ናቸው። የረጅም ጥፍሮች ዘመዶች ደግሞ በየወንዙ ዳር ጅራታቸውን ሽቅብ ቁልቁል እያወዛወዙ የሚሮጡት ዋግቴይሎችና ቀለማቸው ከአፈርና ከገለባ የማይለየው፣ ብዙ ሰው ልብ ሳይላቸው የሚያልፋቸው ፒፒቶች ናቸው።

ይህ ማብራሪያ የሚያተኩረው በዚህ ነገር ላይ ነው፦ እንዲህ የሚመሳሰሉት ባዕዳን፣ እንዲያ የማይመሳሰሉት ደግሞ ወንድማማቾች መሆናቸው በምን ይታወቃል? ከታወቀስ በኋላ ስማቸውና ምድባቸው ለምን እስከ ዛሬ አልረጋም? (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሕተቱ የጀመረው ከታላቅ ሰው ነው። የዛሬውን የሕያዋን አሰያየም ሥርዓት የዘረጋው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 የአሜሪካዋን ሜዶላርክ፣ በ1766 ደግሞ የደቡብ አፍሪካዋን ብርቱካናማ ጉሮሮ ያላት ረጅም ጥፍር ስም ሲያወጣላቸው፣ ሁለቱንም አላውዳ በሚባለው ወገን ውስጥ አስገባቸው። አላውዳ የአውሮፓ ገበሬ በየማሳው የሚያውቀው፣ ወደ ሰማይ እየወጣ የሚዘምረው የላርክ ወገን ነው። ሊኔየስ በእጁ የነበረው የደረቀ ቆዳ፣ ሥዕልና የሌሎች ሰዎች ገለጻ ስለነበር፣ ቡናማ ጀርባ፣ የመሬት ኑሮና ዘለግ ያለ የኋላ ጥፍር ሲያይ «ይህ ላርክ ነው» ማለቱ ለዘመኑ የሚያስወቅስ አልነበረም። የሚገርመው ግን እነዚህን የሁለት አህጉር ወፎች በአንድ ሣጥን ያስቀመጣቸው እርስ በርስ መመሳሰላቸው ብቻ ሳይሆን ሁለቱም ሦስተኛ ወገን መምሰላቸው ነው፤ ሦስቱም ደግሞ በዘር የተለያዩ ሆነው ተገኝተዋል። የአሜሪካዋ ወፍ እስከ ዛሬ «ላርክ» የሚለውን ቃል በስሟ ይዛ ቀርታለች።

ላርክ አለመሆናቸው የታወቀው ሰዎች ከላባው አልፈው አካሉን መመርመር ሲጀምሩ ነው። የላርክ እግር የኋላ ጎኑ ድቡልቡል ሆኖ በትናንሽ ቅርፊቶች የተከፋፈለ ሲሆን፣ የሌሎቹ ዘማሪ ወፎች እግር ግን አብዛኛውን ጊዜ በኋላ በኩል ልሙጥና ስል ጠርዝ ያለው ነው። በላርክ የድምፅ ሣጥን ውስጥም በሌሎቹ ዘንድ የምትገኘው አንዲት ትንሽ አጥንት የለችም። እነዚህ ነገሮች ከሩቅ አይታዩም፤ ለኑሮ ሁኔታም ቶሎ ቶሎ አይለዋወጡም፤ ለዘር ምስክርነት የሚጠቅሙትም ስለዚህ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ስዌንሰን በ1827 ማክሮኒክስ የሚለውን ወገን ሲያቋቁም ረጅም ጥፍሮች የራሳቸውን ቤት አገኙ። የሜዶላርክ ወገን ስተርኔላ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1816 ተለይቶ ነበር።

ወደ ፊት ከመሄዳችን በፊት የምድቡን ደረጃዎች ማወቅ ያስፈልጋል። እርስ በርስ የሚዋለዱ ወፎች ስብስብ አንድ ዝርያ ይባላል። የቅርብ ዘመድ የሆኑ ዝርያዎች ተሰባስበው ወገን ይሆናሉ፤ የሳይንሳዊ ስሙ የመጀመሪያ ቃል ይህ ወገን ነው። ወገኖች ደግሞ ተሰባስበው አስተኔ፣ ማለትም ቤተሰብ፣ ይሆናሉ። ረጅም ጥፍሮች፣ ዋግቴይሎችና ፒፒቶች ሞታሲሊዴ በሚባለው አስተኔ ውስጥ ሲሆኑ፣ ሜዶላርኮች ኢክቴሪዴ በሚባለው ውስጥ ናቸው። ለሊኔየስ እነዚህ ደረጃዎች ዕቃን በዓይነት በዓይነቱ እንደ መደርደር ነበሩ። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ባሳተመው ሥራው የምድቡ እውነተኛ መሠረት የትውልድ ሐረግ መሆን እንዳለበት ካስረዳ ወዲህ ግን ጥያቄው «ማን ማንን ይመስላል?» ከሚለው ወደ «ማን ከማን ተወለደ?» ተዛወረ።

ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በአገራችን ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ ሰባት ቤት ዘር ሲቆጥር፣ ስለ መልካቸው አይጠይቅም፤ እንደ መንትያ የሚመሳሰሉ ባዕዳን ይጋባሉ፣ ምንም የማይመሳሰሉ የአጎት ልጆች ግን አይጋቡም። የወፍ ምድብም ዛሬ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በዚህ ቆጠራ ሜዶላርክና ረጅም ጥፍር ጨርሶ አይገናኙም ማለት አይደለም፤ ድንቢጥንና ብዙ ጥሬ ለቃሚ ወፎችን በሚጨምር አንድ ትልቅ ነገድ ውስጥ ሁለቱም ይገባሉ። በክንፋቸው ላይ ጎልተው የሚታዩት ዋና የመብረሪያ ላባዎች በሁለቱም ዘጠኝ መሆናቸው የዚያ የሩቅ ዝምድና ምልክት ነው። ሆኖም መገናኛቸው ከሰባት ቤት ብዙ ያለፈ፣ በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ነው፤ ቢጫው ጉሮሮና ጥቁሩ ማተብም ከዚያ ከጋራ አያት የተወረሰ አይደለም።

ታዲያ ከየት መጣ? ከሜዳው ነው። በባዶ ሣር ላይ የሚኖር ወፍ የሚደበቅበት ዛፍ የለውም፤ ጭልፊት ከላይ ሲያየው ጀርባው ሣርና አፈር መምሰል አለበት። በሌላ በኩል ይኸው ወፍ ግዛቱን ለማስከበርና ጥንድ ለመሳብ መታየት ይፈልጋል፤ ሆኖም በሜዳ ላይ ከፍ ያለ ቦታ ጥቂት ስለሆነ፣ አንዲት ጉብታ ላይ ወጥቶ ፊት ለፊቱን ለተቀናቃኙ ማሳየት ያዋጣዋል። ስለዚህ ቀለሙ ከላይ ለሚያየው ጠላት ሳይሆን ከፊቱ ለሚቆመው ወገኑ በሚታይበት በጉሮሮና በደረት ላይ ተከማቸ። የጅራቱ ነጭ ዳርቻም ሲቀመጥ ተሸፍኖ ሲበር ብቻ የሚገለጥ ምልክት ነው። ተመሳሳይ ኑሮ በሁለት የተለያዩ ዘሮች ላይ ተመሳሳይ ጫና አሳደረና፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ወደ አንድ መልክ ደረሰ። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ይህን የመልክ መገጣጠም ለማስተማር ሲፈልጉ ከሚጠቅሷቸው ምሳሌዎች አንዱ እነዚህ ሁለት ወፎች ናቸው።

መልኩ ቢገጣጠምም ዘሩ ግን በሥራ ጊዜ ራሱን ያጋልጣል። ሜዶላርክ ሲመገብ ረጅም መንቁሩን ዘግቶ አፈር ወይም የሣር ሥር ውስጥ ይሰካና በኃይል ይከፍተዋል፤ በከፈተውም ቀዳዳ ትሉን ያወጣል። ለዚህ ሥራ የጠነከረው የመንጋጋ ጡንቻ በአሜሪካዎቹ ዘመዶቹ ዘንድ በሰፊው የሚታይ የቤተሰቡ ውርስ ነው። ረጅም ጥፍር ይህን አያደርግም፤ እንደ ፒፒት ዘመዶቹ በሣሩ መካከል እየተራመደ ነፍሳትን ከላይ ከላይ ይለቅማል፤ ረጅሙ ጥፍርም በታጠፈ ሣር ላይ ለመራመድ ይረዳዋል ተብሎ ይታሰባል። ጎጆአቸውም ይለያያል፦ ሁለቱም መሬት ላይ ቢሠሩም ሜዶላርክ በሣር ክዳን የተሸፈነ፣ በጎን በር ያለው ጎጆ ሲሠራ፣ ረጅም ጥፍር በሣር ጉጥ ሥር ክፍት ስኒ የመሰለ ጎጆ ይሠራል።

ቀለም ለዘር ምስክር ሊሆን የማይችልበት ሌላም ምክንያት አለ። ወፎች ቢጫና ቀይ ላባቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ካሮቲኖይድ ከሚባሉ ቀለሞች ሲሆን፣ እነዚህን ራሳቸው መሥራት ስለማይችሉ ከምግባቸው ይወስዷቸዋል። ብዙ ወፎች ቢጫውን ካሮቲኖይድ በሰውነታቸው ውስጥ ወደ ቀይ ይለውጡታል፤ ይህን ለውጥ የሚያካሂደው ጂን በ2016 ተለይቶ ታውቋል። እንግዲህ ከቢጫ ወደ ቀይ ለመሄድ እንደ አዲስ አካል ማብቀል ያለ ረጅም ጉዞ አያስፈልግም። በአሜሪካ ከሜዶላርክ ጋር የሚዛመዱ ደረተ ቀይ የደቡብ አሜሪካ ዝርያዎች አሉ፤ በአፍሪካም ማክሮኒክስ አሜሊዬ የምትባለው ረጅም ጥፍር ጉሮሮዋ ከሮዝ እስከ ቀይ ነው። በሁለቱም አህጉር ቢጫ የቆመበት ሜዳ ላይ ቀይም ቆሟል ማለት ነው። ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ ይህ እጅግ አስደናቂው ነው፤ ምክንያቱም መገጣጠሙ የአንድ ጊዜ ገጠመኝ እንዳልሆነ ያሳያል።

በተለመደው አቆጣጠር ስምንት ዝርያዎች በረጅም ጥፍሮች ስም ይታወቃሉ። የደቡብ አፍሪካዋ ብርቱካናማ ጉሮሮ አላት፤ የአፍሪካንስ ቋንቋ ተናጋሪዎች «ትንሽ ቱርክ ዶሮ» በሚል ቃል ይጠሯታል። ቢጫ ጉሮሮ ያላት ማክሮኒክስ ክሮሴየስ ከሴኔጋል እስከ ደቡብ አፍሪካ የምትደርስ፣ ከሁሉም የተስፋፋች ናት። የፓንጋኒ ረጅም ጥፍር በምሥራቅ አፍሪካ ትኖራለች። የፉለቦርንና የግሪምውድ ረጅም ጥፍሮች በአንጎላ፣ በዛምቢያና በአካባቢያቸው ሲኖሩ፣ የግሪምውድ ረጅም ጥፍር ስሟን ያገኘችው በ1955 ነው፤ ለወፍ ይህ በጣም ቅርብ ጊዜ ነው። አሜሊዬን ከላይ ጠቅሻለሁ። የቀሩት ሁለቱ፣ የኬንያዋ የሻርፕ ረጅም ጥፍርና የእኛዋ፣ ከአንድ አገር ወጥተው የማይታወቁ ናቸው።

የእኛዋን በ1840 ስም ያወጣላት ከፍራንክፈርት የመጣው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሩፔል ከ1831 ጀምሮ በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ ጎንደር የዘለቀ ተጓዥ ነበር፤ ጭላዳ ዝንጀሮንና ቀይ ቀበሮንም ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው እርሱ ነው፤ ከአገራችንም የግዕዝ የብራና መጻሕፍት ይዞ ተመልሷል። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ግን፣ ሩፔል ለወፏ ስም ሲያወጣ ወገኗን ለማወቅ የተመለከተው ጥፍሯንና ላባዋን መሆኑን ነው፤ ሌላ መሣሪያ አልነበረውም። በእርሷ ረገድ አልተሳሳተም። በሌሎች ረገድ ግን ጥፍርና ላባ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት የታየው ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ዲኤንኤን ማንበብ ሲቻል ነው።

ዲኤንኤ እንደ ዘር መዝገብ ሊታይ ይችላል። ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ፊደል ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ለሚቀጥለው ትውልድ ይተላለፋል። አንድ ድርሳን ከአንድ ናሙና ሲገለብጡ የኖሩ ጸሐፊዎችን የጋራ ስሕተት ተከትሎ የትኛው ብራና ከየትኛው እንደተቀዳ ማወቅ እንደሚቻል ሁሉ፣ የሥነ ሕይወት ሊቃውንትም የጋራ የፊደል ለውጦችን እየተከተሉ የትኛው ዝርያ ከየትኛው ጋር የቅርብ አያት እንዳለው ያወጣሉ። መንቁር፣ ጥፍርና ቀለም ለኑሮ ሲባል ሊለወጡ ይችላሉ፤ ለኑሮ ምንም የማይጠቅሙና የማይጎዱ የፊደል ለውጦች ግን በሁለት ባዕዳን ዘሮች ውስጥ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል በብዛት መከሰታቸው የማይታሰብ ነው።

በሞታሲሊዴ አስተኔ ውስጥ ይህ ንባብ ያልተጠበቀ ነገር አወጣ። በ2015 በወጣ ጥናት፣ በሳኦ ቶሜ ደሴት ጫካ ውስጥ የምትኖር አጭር ጅራት ያላት ቡናማ ወፍ ከዋግቴይሎች መካከል ተገኘች፤ በኢንዶኔዥያ ቡሩ ደሴት ላይ ያለችና ለረጅም ጊዜ በሌላ አስተኔ ተመዝግባ የኖረች ወፍ ደግሞ ፒፒት ሆና ተገኘች። የሜዳ ኑሮን ትተው ደን የገቡት እነዚህ ሁለት ወፎች የቤተሰባቸውን መልክ ከላያቸው አራግፈዋል። ሜዳ ባዕዳንን ካመሳሰለ፣ ደን ወንድማማቾችን ሊያለያይ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ረጅም ጥፍሮች ራሳቸውስ አንድ ቤት ናቸውን? እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። አንድ ወገን ትክክለኛ ነው የሚባለው የአንድን አያት ልጆች ሁሉ ሲይዝና ሌላ ሳይጨምር ነው። ከአንድ አያት ከተወለዱት መካከል ያላማረውን ልጅ አውጥቶ «ቀሪዎቹ ቤተሰብ ናቸው» ማለት በዘር ቆጠራ ተቀባይነት የለውም። በደቡብ አፍሪካ ከፍተኛ ሜዳዎች የምትኖር፣ በመራቢያ ወቅት ደረቷ ቢጫ የሚሆን አንዲት ፒፒት አለች፤ ጥቁሩ ማተብ ስለሌላት ከሌሎቹ ፒፒቶች ጋር ተቆጥራ ኖራለች። የኬንያዋ የሻርፕ ረጅም ጥፍርም ደረቷ ላይ ሙሉ ጥቁር ማተብ የላትም፤ ጥቃቅን ጭረቶች ብቻ ናቸው ያሉት። እነዚህ ሁለቱ ቀደም ሲልም ለየት ብለው ስለታዩ ሄሚማክሮኒክስ፣ ማለትም «ግማሽ ረጅም ጥፍር» የሚል ስም ተፈጥሮላቸው ነበር። ሦስተኛዋ አስቸጋሪ ወፍ ወርቃማዋ ፒፒት ናት፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላዎችም ትገኛለች። ወንዱ ከሞላ ጎደል ሁለንተናው ቢጫ ሲሆን፣ ከጉልበቱ በላይ ያለው የእግሩ ክፍል ላባ የለበሰ አይደለም፤ ይህም በዘማሪ ወፎች ዘንድ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው። በዚህ ልዩነቱም ለብቻው አንድ ወገን ተሰጥቶት ነበር።

በ2019 አይቢስ በሚባለው የወፍ ጥናት መጽሔት ላይ የወጣ ምርምር የአስተኔውን 56 ዝርያዎች በሦስት የዲኤንኤ ክፍሎች አነጻጽሮ፣ ደረተ ቢጫዋ ፒፒትና ወርቃማዋ ፒፒት ሁለቱም በረጅም ጥፍሮች ሐረግ ውስጥ እንደሚወድቁ አሳየ። ስለዚህ ማክሮኒክስ የሚባለው ወገን በነበረበት አኳኋን ሊቀጥል የሚችል አልሆነም፤ ልጆቹ የሆኑት ሁለት ወፎች በሌላ ስም ውጭ ቆመዋልና። መውጫው ሁለት ነው። የጥናቱ አቅራቢዎች ሁለቱን ፒፒቶች ወደ ማክሮኒክስ አስገብቶ ቤቱን ማስፋትን መርጠዋል። ሌሎች ደግሞ ቤቱን መክፈልን መርጠው የሻርፕን ረጅም ጥፍርና ደረተ ቢጫዋን ፒፒት ሄሚማክሮኒክስ በሚለው አሮጌ ስም አንድ ላይ ያወጧቸዋል።

የዘር ሐረጉን በተመለከተ ማስፋትን በመረጡትና መክፈልን በመረጡት ሊቃውንት መካከል ያለው ልዩነት ከሚመስለው ያነሰ ነው። ክርክሩ ያለው ሐረጉ ላይ የትኛው ቅርንጫፍ አጠገብ ስም ይለጠፍ በሚለው ላይ ነው፤ ይህን ደግሞ ዲኤንኤ አይወስንም፣ ሰው ነው የሚወስነው። እኔ የመከፋፈሉን መንገድ አደላለሁ። ወርቃማዋን ፒፒት፣ ጥፍረ ረጅሟን የደጋ ወፍና ደረተ ቢጫዋን ፒፒት በአንድ ስም መጥራት በዘር ስሕተት ባይኖረውም፣ ስሙ ለሰሚው የሚነግረው ነገር ያንስበታል። ይህ ግን የምቾት ምርጫ ነው፤ በዚህ ምክንያት አንዱን ዝርዝር «ተሳስቷል» ማለት አይገባም። አንባቢም በአንድ የወፍ መጽሐፍ ውስጥ የሻርፕን ረጅም ጥፍር በአንድ ስም፣ በሌላው በሌላ ስም ቢያገኝ፣ ሁለቱ መጻሕፍት ስለ አንዲት ወፍ እየተናገሩ ነው።

ስሙ ቢለዋወጥም ሥራ የሚሠራበት ቦታ አለ። የወፎችን የጥፋት ስጋት የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ቀይ መዝገብ የሚቆጥረው ዝርያን ነው፤ የሻርፕ ረጅም ጥፍር በመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት መካከል ስትመደብ፣ የእኛዋ ለስጋት ከተቃረቡት ጋር ተመድባለች። ሁለቱም የሚፈልጉት የደጋ ሣር ሜዳ ሲሆን፣ ደጋ ሜዳ ደግሞ ገበሬም የሚፈልገው መሬት ነው። በኬንያ ኪናንጎፕ አምባ ላይ በግል ይዞታ ሥር ያለው ሜዳ እየታረሰ፣ ወፏ ጎጆ የምትሸሽግበት የሣር ጉጥ ከሥሩ ተነቅሏል። በሱሉልታ በኩል ለከብት ግጦሽና ለድርቆሽ የሚያገለግለውን ሜዳ የከተማው መስፋፋት እየገፋው ነው። ዋግቴይል ከሰው ቤት ጣሪያና ከቦይ ዳር መኖር ይችላል፤ ዘመዱ ረጅም ጥፍር ግን ይህን አልተማረም።

ከላይ ከተባሉት ሁለት የስም መፍትሔዎች የትኛውም ቢጸና፣ የሱሉልታዋ ወፍ ማክሮኒክስ ፍላቪኮሊስ እንደሆነች ትቀጥላለች። የሚለወጠው በስሟ ጥላ ሥር የሚቆጠሩት ዘመዶቿ ብዛት ነው፤ ቤቱ ከሰፋ ወርቃማዋ ፒፒት፣ ከቦረና ቆላ ሆና፣ በኢትዮጵያ ውስጥ የወገን ስሟን የምትጋራ ጎረቤት ትሆናታለች።